ጨዋታና ቁም ነገር በአንድ ጀበና

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጓሮ አትክልት ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ "ስለ ጓሮ አትክልት ቡድናችሁ ትንሽ ተናገር" ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። እዚህ ሞያሌ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስኳር ስመዝንና ሳሙና ስቆጥር ነው ዕድሜዬ የሄደው። በኋላ ግን አንድ ነገር አሰብኩና እሺ አልኩ። ይህ ቡድን ሁለት ጊዜ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ አንዴ በጨዋታ ብዛት፣ አንዴ ደግሞ በጨዋታ እጦት። በሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ ውስጥ ነበርኩበት። ስለዚህ ስለ ጎመንና ስለ ቃሪያ ከምነግራችሁ ይልቅ ያንን ብነግራችሁ ለማኅበራችንም ለየቤታችንም ይጠቅማል ብዬ ተነሥቻለሁ።

አጀማመራችንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በድንበሩ የሰው መተላለፊያ ሲዘጋ፣ ከወዲያ ማዶ በዘንቢል ይመጣ የነበረው ነገር ሁሉ ቀረ። ሽንኩርትና ቲማቲሙ በጭነት መኪና መምጣቱ ባይቀርም፣ ጤና አዳሙን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ጌሾውን የሚያመጣልን ሰው ጠፋ። በዚያን ጊዜ አንዲት እናታችን ከግቢያቸው የጤና አዳም ቁራጭ እየገነጠሉ በአጥር ላይ ለጎረቤት ማቀበል ጀመሩ። ቁራጩን የተቀበለች ደግሞ የኮሰረት ቁራጭ መለሰች። መሰብሰብ ሲፈቀድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ግቢ፣ ኬንያውያን ምዋሮባይኒ በሚሉት በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጀበና ተጥዶ መገናኘት ተጀመረ። የቡድኑ ታሪክ ይኸው ነው። ማኅተምም ሆነ መተዳደሪያ ደንብ አልነበረውም።

ከዚያ ድርቁ መጣ። የምናስታውሰው ነው። ቦረናዎች ጋና የሚሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብም፣ ሃጋያ የሚሉት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብም፣ ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ አምስት ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። በዚህ በማርሳቢትም በዚያ በቦረናም የከብት ሬሳ በየመንገዱ አየን። በከተማ ያለነው ደግሞ ውሃ በጀሪካን እየገዛን መኖር ጀመርን። በዚያ ጊዜ ጓሮ መትከል የቅንጦት ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለአንዳንድ ቤት ጎመኗ የምሳ ወጥ ነበረች፤ ለአንዳንዱም ቤት እስር እስር እየተደረገች ተሽጣ የልጅ ደብተር መግዣ ነበረች።

እኛስ በዚያ ጊዜ እሑድ እሑድ ምን እንሠራ ነበር? እንጫወት ነበር። ጨዋታው መቼም ደስ ይል ነበር። የአርሴናልና የማንቸስተር ነገር ይነሣል። የእገሌ ሠርግ ይነሣል። ዲቪ የደረሰው ሰው ይነሣል። የሽልንግና የብር ምንዛሪ ይነሣል፤ እርሱን እንኳ በብዛት የማነሣው እኔ ነኝ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ያልቅና ፀሐይ ስትጠልቅ ሁላችንም "ዛሬ ጥሩ ዋልን" ብለን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን አንዲት ወጣት እናት ወደ ሱቄ መጣች። ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ በቡድኑም ውስጥ አዲስ ነበረች። ሩብ ኪሎ ስኳር ብላኝ ስመዝንላት፣ "ጎመንሽ እንዴት ሆነ?" አልኳት፤ ለነገሩ ያህል ነው። ዝም አለች። ከዚያ "ነቀልኩት እኮ ጋሼ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ቅጠሉ ተጨማደደና ተጣበቀ። ሦስት እሑድ ቅጠሉን በመሐረብ ቋጥሬ ይዤላችሁ መጥቼ ነበር። ጨዋታ ላይ ስለነበራችሁ ማቋረጥ አፈርኩ።"

እኔ ሦስቱንም እሑድ ከእርሷ ሁለት ወንበር አልፌ ተቀምጬ ነበር። መሐረቡንም አይቼዋለሁ። ዳቦ የቋጠረች ነበር የመሰለኝ።

የጎመኗ ሕመም ቀላል ነበር። ክሽክሽ የምንለው ነው፤ በቅጠሉ ጀርባ ተሰብስቦ ፈሳሹን የሚመጥ ትንንሽ ነፍሳት። በጊዜ ከተያዘ በቀጭኑ የሳሙና ውሃ ጀርባውን ማጠብ፣ የባሰበትን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነም የኒም ፍሬ ወቅጦ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፎ፣ በማግስቱ በጨርቅ አጥልሎ መርጨት ነው። እኛ ደግሞ የምንቀመጠው በኒሙ ዛፍ ሥር ነበር! መድኃኒቱ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ፣ የሚያውቁት እናቶች እዚያው ተቀምጠው፣ ሳሙናውም በእኔ ሱቅ እየተሸጠ የዚያች ልጅ መደብ ተነቀለ። ጎመኑን እየሸጠች ለልጇ ትምህርት ቤት ልትከፍል ነበር ያሰበችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው እሑድ ተነሥቼ ተቆጣሁ። "እኛ የተሰበሰብነው ለአትክልት ነው ወይስ ለወሬ?" አልኩ። ሁሉም አፈረ። እንደ ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን። ዳኛው እኔ ሆንኩ። ደንብም አወጣን፤ ከአትክልት ውጪ የሆነ ነገር ያነሣ 50 ሽልንግ መቀጫ ይከፍላል። ኳስ ያነሣ ይቀጣል። ሠርግ ያነሣ ይቀጣል።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ተሻሽሎ ነበር። ያመጣነው ቅጠል ሁሉ ይታያል። ጥያቄው ይመዘገባል። በሁለት ወር ውስጥ ለድርቁ የሚሆን ብዙ ነገር ተማርን። ለምሳሌ ያህል ጥቂቱን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የጆንያ መደብ ነው። በጆንያው መካከል ግርጌው የተቆረጠ ቆርቆሮ አቁሞ በጠጠር መሙላት፣ ዙሪያውን አፈርና የበሰለ ፍግ ማድረግ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ላይ እየሳቡ እንደገና ጠጠር መጨመር ነው። ሱኩማው በጆንያው ጎን በተበሳው ቀዳዳ ይተከላል። ውሃው በጠጠሩ ላይ ሲፈስ ከላይ እስከ ታች ይዳረሳል፤ በፀሐይም ቶሎ አይተንም። ሁለተኛ፣ ልብስ የታጠበበት ውሃ በረኪና ካልገባበት ለፓፓያና ለሙዝ ሥር ይሆናል፤ ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ ግን አይደፋም። አፈሩ ጨው እንዳይዝም አልፎ አልፎ ንጹሕ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የፍየል በጠጥ ትኩሱን አይደረግም፤ ተከምሮ፣ እርጥበት እያገኘ፣ መብሰል አለበት። አራተኛ፣ መሬቱን ራቁቱን አለመተው ነው። ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ ጠዋትና ማታ እንጂ በቀትር አለማጠጣት። ይህ ሁሉ በመዝገባችን ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ሰው መቀነስ ጀመረ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ቀሩ። ቀጥለው ባሎች ቀሩ። ጀበናውም አንድ ዙር ብቻ ሆነ፤ ሰው ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን ይዞ ይነሣል። እኔ በልቤ "ገለባው ሄደ፣ ምርቱ ቀረ" እል ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ያቺ ቀድሞ የጤና አዳሙን ቁራጭ በአጥር ላይ ያቀበሉን እናታችን አልመጡም። በሚቀጥለውም እሑድ አልመጡም። እማማ ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀ የለም። ለምን ቢባል፣ "እማማ እንዴት ናቸው?" ማለት ከአትክልት ውጪ ነበርና! እንዲህ ስል ትስቁ ይሆናል፤ እኛም በኋላ ስቀናል። በጊዜው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት የጎረቤት ልጅ ሱቄ መጥታ "እማማ ከተኙ ሰነበቱ፣ እህልም አይቀምሱ" አለችኝ። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ወገባቸውን ታመው፣ ውሃ የሚቀዳላቸው አጥተው፣ የጌሾ ችግኞቻቸው በደጃፉ ደርቀው አገኘኋቸው።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ባለመምጣትዎ የተቀየሙን መስሎን ነበር" ብዬ ደግሞ ዋሸሁ። እማማ ግን አወቁብኝ። እንዲህ አሉኝ፤ "አንተ ልጅ፣ እኔ የምመጣው ለጎመን ነው እንዴ? ጎመን ከገበያ ይገዛል። እኔ የምመጣው ሰው ለማየት ነው። ሰው ማየት በመቀጫ ሆኖ ሳለ ምን ልሁን ብዬ ልምጣ?"

መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ሰሞን ለንግድ ወደ ያቤሎ ስሄድ ዱብሉቅ ላይ መኪናችን ቆመና ወደ ኤላው ወርጄ አየሁ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የቦረና ወንድሞቻችን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቱላ የሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የውሃ መቅጃውን በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ሁልጊዜም ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም። የሁሉም እጅ በአንድ ምት እንዲሄድ ያደርጋል፤ ድካሙንም ያስረሳል። ዘፈኑ ቢቆም መቅጃው ይንገዳገዳል። ነገር ግን ዘፋኙ ሁሉ መቅጃውን አስቀምጦ ዘፈን ብቻ ቢያደርገው፣ ከላይ የቆመው ከብት በውሃ ጥም ያልቃል። የማንኛው ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራውን የሚያስከብር ሰውም አላቸው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። አባ ሄሬጋ ተራ ያስከብራል እንጂ "አትዝፈኑ" አይልም።

እኔ በተወለድኩበት በጎጃም ገጠርም ደቦ ሲወጣ እንዲሁ ነው። አረም የሚታረመው እየተዘፈነና እየተቀለደ ነው። ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል። ታዲያ ጠላው ጠዋት ከቀረበ እርሻው ሳይጋመስ ይመሻል፤ ፈጽሞ ካልቀረበ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት የለም። ብልህ ባለቤት ጠላውን የሚያቀርብበትን ሰዓት ያውቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ነገር ነው እዚህ መጥቼ የረሳሁት። ችግሩ ከጨዋታውም ከቁም ነገሩም አልነበረም፤ ሁለቱን በየሰዓታቸው አለማስቀመጣችን ነበር።

ወዲያው መቀጫውን አነሣን። የተጠራቀመው ገንዘብ ለእማማ ውሃ መግዣ ዋለ። ከዚያ ተቀምጠን ተመካከርንና ሰዓታችንን በጀበናው ከፈልነው፤ ደንቡን ያመጡት ሴቶቹ ናቸው።

አቦሉ የጨዋታ ነው። ሰው ያሻውን ያነሣል፤ ኳስም፣ ሠርግም፣ ምንዛሪም። ማንም ማንንም አያቋርጥም። ነገር ግን አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ነገር ይደረጋል፤ ዙሪያውን አይተን ያልመጣው ማን እንደሆነ በስም እንጠራለን። ለምን እንደቀረ የሚያውቅ ይናገራል። የሚያውቅ ከሌለ በዚያው ዕለት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይመደባል።

ቶናው የአትክልት ነው። ቶናው ሲቀዳ ጨዋታ ይቆማል። ቅጠል፣ አፈር፣ ዘር፣ ችግር ያለው ያቀርባል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም በቅርብ የመጣው ሰው ነው። አዲስ ሰው ያፍራል፤ ነባሩ ግን ሳይጠየቅም ይናገራል። እኔን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ያመጣ ሰው መልስ ሳያገኝ፣ ወይም "እገሌ ነገ ቤትሽ መጥቶ ያየዋል" ሳይባል፣ አይሄድም።

በረካው የውሳኔና የምርቃት ነው። ማን ለማን ችግኝ እንደሚሰጥ፣ የማን መደብ በደቦ እንደሚቆፈር ተነጋግረን፣ እማማ ይመርቁናል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስከ ፈለገበት ይቀጥላል። የቸኮለ ይሄዳል፤ ቁም ነገሩ አምልጦት አይሄድም።

አንድ ነገር ብቻ በአቦሉም እንዳይነሣ ተስማምተናል፤ እርሱም ያልተጣራ አሉባልታ ነው። ይህን የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከወዲያ ማዶ የሰው ሕይወት ጠፍቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ ወደዚህ ሲሻገር አይተናል። ብዙዎቻችንም በየቤታችን ሰው ተቀብለናል። በዚያ ሰሞን አንድ የሐሰት ወሬ ከጥዋት እስከ ማታ ስንቱን ቤት ባዶ እንዳደረገ፣ ስንቱን ጎረቤት እንዳራራቀ የማያውቅ የለም። ጨዋታ ሰውን ያቀራርባል፣ አሉባልታ ያራርቃል። በአንድ ጀበና ዙሪያ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ አማራውም፣ ቦረናውም፣ ቡርጂውም፣ ጉራጌውም አለ። ሰውን በዘሩ የሚነካ ነገር ሲነሣ እናቶች "ቡናው ይበርዳል" ይላሉ። ተናጋሪውም ይገባዋል፤ ይተወዋል።

ያቺ ጎመኗን የነቀለች ልጅ ተመልሳ መጣች። እኔ ራሴ ቤቷ ሄጄ ነው የለመንኳት። በ2015 ዓ.ም. በልግ ዝናቡ ሲመለስ ስምንት ጆንያ ሱኩማ ነበራት። ዛሬ ቶናውን የምትመራልን እርሷ ናት። እኔ ከዳኝነቱ ወርጄ ከሰል የማቀጣጥል ሆኛለሁ። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። አሁንም የአርሴናል ልጆች ቶናው ከተቀዳ በኋላ ያንሾካሹካሉ። እኔም አንዳንዴ ምንዛሪ አነሣለሁ፤ ያን ጊዜ "ጋሼ፣ ቶና ላይ ነን" ትለኛለች።

ለወላጆች አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፣ በሰፈር ቦረንኛ ይናገራሉ። አማርኛቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው ብለን ስንት ጊዜ አዝነናል። እሑድ ግን በኒሙ ሥር ሲቀመጡ ከአቦሉ ተረትና ቀልድ ይሰማሉ፣ ከቶናው መኮትኮትን፣ መጎዝጎዝን፣ ችግኝን፣ ኮሰረትን ይሰማሉ። ባለፈው የስምንት ዓመት ልጅ "እማማ፣ ጌሾው ጠወለገ" ሲል ሰማሁት። ያን ቃል በመጽሐፍ ያስተማረው የለም። ጨዋታውን ብናስቀር ቋንቋውን ያጣል፤ ቁም ነገሩን ብናስቀር የሚሠራበትን ያጣል።

ማኅበራችን 25 ዓመት የኖረው በስብሰባ ብዛትም፣ በጨዋታ ብዛትም ብቻ አይደለም። በሚቀጥሉት ዓመታት በዕድራችን፣ በዕቁባችን፣ በየስብሰባችን ሰው ሲያወራ "ጊዜ አታባክኑ" ለማለት ከመቸኮላችን በፊት ያልመጣው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ጨዋታው ሲደምቅ ደግሞ ዳር ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ በመሐረቡ የቋጠረው ምን እንደሆነ እንጠይቀው።

የጤና አዳምና የኮሰረት ቁራጭ ለሚፈልግ በአዳራሹ በር ላይ በባልዲ አዘጋጅተናል፤ በነጻ ነው። ሲመሽ ትከሉት፤ እስኪይዝ ድረስም ጥላ አድርጉለት። እሑድ ደግሞ እንዴት እንደሆነ መጥታችሁ ንገሩን።

ማኅበራችንን ፈጣሪ ይጠብቅልን። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።